የረጠበው ቀላድ

ቶሌራ የቀላዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አጣጥፎ ረግረጉ ውስጥ ገባ። ጭቃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ባቱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ዋጠው። እሱ ግን ወደኋላም አላለ። ከበሬ ቆዳ የተገመደው ረጅም ጠፍር በደንገሉ መሀል እየተሳበ፣ ውሃውን እየጠጣ፣ ይከተለዋል።

«ኧረ ቀስ በል አንተ ሰውዬ! አስተርጓሚ ነው ወይስ ዳክዬ የሰጡኝ?» ሲል ከወዲያኛው ጫፍ አስረስ ጮኸ።

አስረስ ቀላድ ጣይ ነው። የተጉለት ሰው ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ መዳፉ በጠፍር ተፍቆ እንደ ሰኮና የደነደነ። ከንጉሡ አዲስ ከተማ ዙሪያ ያልለካው አገር የለም። «እኔ ያልለካሁት የእናቴን ቂጣ ብቻ ነው፤ እሱንም ዱላ ፈርቼ ነው» እያለ ይቀልዳል።

«ወሰናችን እኮ ወንዙ ነው አያ አስረስ!» አለ ቶሌራ ሳይዞር። «ዳር ዳሩን ከሄድንማ ጃንሆይ ግማሽ ወንዝ ይቀርባቸዋል።»

«ምኒልክ ይሙት! ከመንግሥት ይልቅ ለመንግሥት የሚያስብ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ሳቁ በውሃው ላይ ተንከባለለ። ቶሌራም ሳቀ። የሱ ሳቅ ግን ሆዱ ውስጥ የቀረ ሳቅ ነበር።

ያ ረግረግ ዛሬ የለም። ዛሬ በላዩ የብሎኬት ማምረቻና ጋራዥ፣ ከዚያም ወዲያ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ቆመውበታል። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው የድሮ ቤቱን እያስታወሰ ከሥር ይሰረስርና ምድር ቤቱን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል፤ ነዋሪውም ኮንትራክተሩን ይረግማል። በቶሌራ ዘመን፣ ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ከወረደች ገና አሥር ዓመት አለፍ ሲላት፣ የላፍቶ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ደንገል ነበር። ከደንገሉ በላይ ግጦሽ፣ ከግጦሹ በላይ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ የጽድ ጫካ፤ ይህም ሁሉ ከአባት ከአያት ጀምሮ የበንቲ ጎሣ አገር ነበር። በንቲ ደግሞ የቶሌራ ሚስት አባት ነው።

ቶሌራ አማርኛ የተማረው የገብስ አህያ እየነዳ ከተማ ሲመላለስ ነው። እናም ንጉሡ አገሩ ሁሉ በቀላድ ይለካ ብለው ባዘዙ ጊዜ፣ ለኪዎቹ ላፍቶ ሲደርሱ፣ አፍ የሚሆናቸው ሰው ፈለጉ። ሽማግሌዎቹም «ቶሌራ ይሁን፤ የኛ ልጅ ነው፤ አይሸጠንም» አሉ።

ደንቡ እንዲህ ነው። መሬቱ በጋሻ ይቆጠራል፤ አንዱ ጋሻ ቁመቱ አሥራ አንድ፣ ወርዱ ሰባት ቀላድ ነው። ከተቆጠረው ሲሶው ለባላባቱ ይቀራል። ሁለቱ እጅ የመንግሥት ነው። በመንግሥቱ ድርሻ ላይ በያንዳንዱ ጋሻ አንድ ወታደር ይተከላል። አንድ ወታደር ማለት ደግሞ አንድ ሰው ማለት አይደለም፤ ሚስቱ ነው፣ ልጆቹ ነው፣ በቅሎው ነው፣ የበቅሎው ገብስ ነው። ገበሬው ያርስለታል፣ የገበሬው ሚስት ትፈጭለታለች፣ ልጁ እንጨት ይሸከምለታል። የቶሌራ አጎት በማዶው አገር ለአንድ ወታደር የቤት ድንጋይ ሲሸከም ወገቡ ተቆርጦ፣ አሁን ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዝንብ እሽ ከማለት በቀር ለምንም አይሆንም።

በእግሩ ቶሌራ ለክቶታል። የበንቲ አገር ከስድስት ጋሻ ተኩል ያልፋል። ጸሐፊው ደግሞ ከተኩል ያለፈውን ወደ ላይ እንደሚጠቀልለው ያውቃል። ሰባት ከሆነ አምስት ወታደር ነው። ስድስት ከሆነ ግን አራት።

ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አስረስ ቀላዱን ቅቤ ሲቀባ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። «ይኸ ጠፍር እንደ ሰው ነው» አለው አስረስ እያሻሸ። «ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ሲጠማ ይኮማተራል። ደረቁን መቶ ሠላሳ ሦስት ክንድ ነው። እርጥቡን አምላክ ይወቀው።»

ከዚያች ሰዓት ወዲህ ቶሌራ ቀልቡ አልተመለሰም፤ የረዘመ ቀላድ አገሩን በቁጥር ያሳንሰዋል። ለማንም አልተነፈሰም፤ ለበንቲም፣ ለሚስቱ ለሶሬቲም። ነገር የሚበላሸው ሁለተኛ ጆሮ ሲሰማው ነው ብሎ ብቻውን ያዘው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የመለኪያውን መንገድ በረግረጉ አስጀመረው፤ ከረግረጉ ወጥተው ወደ ሌላው ወሰን ሲዞሩም ጠፍሩ እንዳይደርቅ በያንዳንዱ ጅረት ውስጥ ጎተተው።

ከደረቁ ዳር፣ በቅሎው ላይ ጸሐፊው አለቃ መዝገቡ ተቀምጠዋል። የቀለም ቀንዳቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጃንጥላቸውን አንድ ሰው ይዞላቸዋል። ሁለቱ ከረግረጉ እንደ ወጡ ቶሌራን ጠሩት።

«የባላባቱ ስም ማን ነው?»

ቶሌራ መሬት መሬት አየ።

«ደነቆርህ? የባላባቱን ስም!»

«ጌታዬ፤ የሚስቴ አባት ናቸው።»

«ሚስትህን ማን ጠየቀህ?»

አስረስ ጭቃውን ከእግሩ እየጠረገ ከት ብሎ ሳቀ። «አይጠራም፣ አለቃ። በነሱ ዘንድ የአማትን ስም በአፍ መጥራት ነውር ነው። እኔ ልንገርዎት፤ በንቲ ይባላሉ። ይጻፉትና የሰውዬው ምላስ ይትረፍ።»

አለቃ መዝገቡ «በስም ደግሞ ምን ነውር አለ» እያጉረመረሙ ጻፉ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ልኩ አለቀ። የለኪዎቹ አለቃ ባላምባራስ በፍቃዱ፣ ዝምተኛ፣ ወባ ያደከማቸው፣ ካባቸውን በፀሐይም የማያወልቁ ሰው፣ ከድንኳናቸው ወጥተው አስነበቡ። አለቃ መዝገቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስድስት ጋሻ።»

ቶሌራ ወደ አገሩ ሰው ዞሮ አስተረጎመ። በረግረጉ ውስጥ አንዱን ወታደር አስጥሞ የወጣ መሰለው።

*

የዚያን ዕለት ከብት ሲገባ በንቲ በረት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ጺሙ እንደ ተልባ ማሳ ሳስቷል። ከወገቡ የማትለይ የቆዳ ከረጢት አለችው፤ ውስጧ ጠጠር ነው። ከብቱ ሲወጣ አንድ አንድ ጠጠር ከግራ እጅ ወደ ቀኝ፣ ሲገባ ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል። ያለ ጠጠር የቆጠረውን አያምንም። ሁለቱን ቀን ቀላዱን ተከትሎ ሲራመድ ውሎ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ ያኔም ጠጠሩ በእጁ ነበር።

«ጦር የመጣ ጊዜ አባቴ ፈረሱን ጫነ» አለ ቶሌራን ሲያይ። «ገመድ ሲመጣ ምን ይጫናል?»

«ዛሬስ ደግ ቀን ነው አባቴ። ስድስት ነው የተባለው። ሲሶዎ ሁለት ሙሉ ጋሻ ነው። መነሻውን የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት፤ ደንቡ ነው። ከኮረብታው ድንጋይ ተነስተን ጀርባ ጀርባውን ብንወርድ፣ ሃያ ሁለት ቀላድ ከሾላው አልፎ፣ ከሆራው ማዶ ይደርሳል።»

ሆራው ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው። የላፍቶ ከብት ሌላ ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ከሆራው በላይ ትልቁ ሾላ፣ ከሾላው ሥር መቃብሩ አለ፤ የበንቲ አባት በጦር ቀን የወደቀው፣ ሚስቱ ያለፈው ክረምት ያረፈችው። ከሴትዮዋ እግርጌ አንድ ትንሽ የድንጋይ ክምር አለች። የቶሌራና የሶሬቲ የበኩር ልጅ ናት፤ ሳትራመድ የሄደች።

ሶሬቲ ወተቱን እያለበች ሰምታለች። ቀና አለች። «ሾላው ይገባል ነው የምትለው?»

«ይገባል።»

«እርግጥ ነው?»

«ሁለት ጊዜ በእግሬ ለክቼዋለሁ ስልሽ።»

«ሾላው ከገባ ሌላውን ሁሉ ይውሰዱት» አለች፤ ወደ ላሟ ተመለሰች። አባትየው የከረጢቷን አፍ አሰረ። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አልቆጠረም።

*

ድልድሉ በነጋታው መሆን ነበረበት። ነገር ግን ባላምባራስ ከከተማ ተጠሩ። በላፍቶ ግርጌ አዲስ የስልክ ሽቦ እየተዘረጋ ነበር፤ አርባ የሚሆን የበንቲ ጽድ ተቆርጦ ምሰሶ ሆኗል። መልእክቱ በዚያ ሽቦ እስካለቀበት ጫፍ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሯጭ እግር ደረሰ። ባላምባራስ በቅሎ ጭነው ሄዱ፤ ሦስት ቀን ቀሩ።

አስረስ ሥራ ፈትቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጠ። ምሰሶዎቹን በአገጩ እያመለከተ «ይኸ የምታዩት ተአምር ነው» አለ። «ጃንሆይ ግቢያቸው ሆነው ሲያስነጥሱ ሐረር ላይ ‹ይማርዎ› ይባላል።»

ቶሌራ አስተረጎመ። በንቲ ሽቦውን ትኩር ብሎ አየ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ስጮህስ፣ እዚያ ይሰማል ወይ በለው።»

አስረስ ጥቂት አሰበ። «ሽቦው ለጊዜው ወደዚህ ወደዚህ ብቻ ነው የሚያወራው» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በንቲም ሳቀ። ቶሌራም አብሯቸው ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ከበስተኋላቸው ካለው የአጥር እንጨት ላይ ነበር። ቀላዱ እዚያ ላይ ተጥሏል። የጥቅምት ፀሐይ ሦስት ቀን ሙሉ ስትወቅጠው ሰነበተች። አየው፤ ግን ምንም ነገር አልታየውም። ልቡ በአራቱ ወታደሮች፣ ባልመጣው በአምስተኛው ተይዞ ነበር። ብልሃቱ ያለቀለት መስሎት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አስረስ ቀላዱን ከአጥሩ ሲያወርደው ጠፍሩ እንደ ደረቀ አልጋ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ቶሌራ የነቃው።

ሁለት ጋሻ። ሃያ ሁለት ቀላድ። ግን የትኛው ቀላድ?

ስድስት የተባለው በእርጥቡ ነው። ሁለቱ የሚቆረጠው በደረቁ ነው። እንደ ጥይት ፈጥኖ አሰበው፤ ቀላዱ በተጣለ ቁጥር ሰባት ክንድ ቢያጥር፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ሰባት መቶ ሃምሳ አራት ክንድ ነው። ከአንድ ቀላድ ይበልጣል። ከኮረብታው ወደ ታች ቢቆጠር መጨረሻው ከሾላው ወዲህ ይቀራል።

«አያ አስረስ» አለ ጠፍሩን እየዳበሰ። «ጠፍሩ ሊበጠስ ነው እኮ። ትንሽ ውሃ ላርከፍክፍበት?»

«ለምን ሲባል? ዛሬ የምንለካው ደረቅ ጀርባ ነው።»

«ከረግረጉ ብንጀምርስ?»

«መነሻውን የሚመርጡት ባላባቱ ናቸው። የመረጡት የኮረብታውን ድንጋይ ነው፤ አንተው ነህ ያስተረጎምከው።»

አስረስ ይህን ሲል አየው። ረጅም አስተያየት ነበር፤ ቁጣ የለበትም፤ ገበያተኛ የሸማውን ጥራት እንደሚያይ ያለ ነበር። ከዚያ ቀላዱን አንስቶ ወደ ኮረብታው ሄደ።

*

አንድ። ሁለት። ሦስት።

አስረስ ይጥላል፤ ቶሌራ ጫፉን ይዞ ይሮጣል፤ ጠፍሩ ይወጠራል፤ ችካል ይመታል። ባላምባራስ በበቅሎ ይከተላሉ፤ አለቃ መዝገቡ ይጽፋሉ። በንቲ ከጎን ጎን ይራመዳል። ሰው ሁሉ ከሾላው ሥር ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ሶሬቲ ከፊታቸው።

ቀላዱ በተጣለ ቁጥር ቶሌራ ጠፍሩን ከአቅሙ በላይ ጎተተ። መዳፉ ተላጠ። ደረቅ ጠፍር ግን አይለምንለትም። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ሾላው ቀረበ እንጂ አልደረሰም። ሃያ። ሃያ አንድ። ሰው ሲያይ ሊገባው ጀመር፤ ማጉረምረሙ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሃያ ሁለት።

ችካሉ ሳር ላይ ተመታ። ከችካሉ እስከ ሾላው ሰው ድንጋይ ቢወረውር ይደርሳል። ሆራው ከሾላው ወዲያ ነበር።

በንቲ ችካሉን አየ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ነካው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ከከረጢቱ ጠጠር አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋ።

«ንገራቸው» አለ በራሱ ቋንቋ። «በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ቀላድ በእርምጃዬ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬም ቆጥሬዋለሁ። ያኛው ይረዝማል፤ ይኸኛው ያጥራል። ገመዱ አንድ ነው፤ ልኩ ግን ሁለት ነው። አገሬን በረጅሙ ቆጥረው ድርሻዬን በአጭሩ አይቁረጡብኝ። እንደገና ይለካ በላቸው። ሰባት ከሆነም ሰባት ይሁን፤ እቀበላለሁ።»

ባላምባራስ ከበቅሏቸው ላይ «ምን ይላሉ?» አሉ።

ቶሌራ አፉን ከፈተ።

እንደገና ቢለካ ሰባት ይወጣል። ሰባት ከወጣ «ስድስት እንዴት ሆነ?» ይባላል። ማን በረግረጉ እንደጎተታቸው ሁሉም አይተዋል። የመንግሥት ቀላድ የሰረቀ ሰው ቅጣቱ ጅራፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አገሩ በሙሉ «ከዳተኛ» ተብሎ ሲሶውም ሊወረስ ይችላል። እንደዚያ ሰምቶ ነበር። ወይስ ያንን ያሰበው በኋላ ነው? ይህን ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ ኖረ። ያን ጊዜ የታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከባላምባራስ ኮርቻ ላይ የተንጠለጠለው የአለንጋ እጀታ።

«እንዴ፣ ምን ይላሉ ነው የምልህ?»

«ተቀብያለሁ ይላሉ» አለ ቶሌራ።

«ታዲያ ይኸ ጠጠር ምንድነው?»

«ደስ ሲላቸው ነው ጌታዬ። የአገሩ ልማድ ነው።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይጻፍ።»

አለቃ መዝገቡ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ጻፉ። በንቲ ብዕሩ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሲሄድ አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ።

«ያልኩትን ጻፈልኝ?» አለ።

«ጻፈ» አለ ቶሌራ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አውራ ጣቱን ቀለም ቀቡት። ሽማግሌው ኮራ ብሎ፣ ጉዳዩን እንደጨረሰ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ጣቱን ተጫነ። ቶሌራ ዓይኑን ለማሳረፍ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ፤ ያኔ ሶሬቲን አየ። ሶሬቲ ሰባት ዓመት ሙሉ ቅቤ ተሸክማ የከተማው ገበያ ተመላልሳለች። በአማርኛ ትከራከራለች፣ ትሳደባለች፣ ታሾፋለች። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሻሿን አስተካክላ ወደ አባቷ መራመድ ጀመረች።

*

ከቀትር በኋላ የአራቱ ወታደሮች አራት ጋሻ ከወዲያኛው ወሰን ተነስቶ በዚያው ደረቅ ቀላድ ተቆረጠ። ሲያልቅ ከሁለቱ መሀል ማንም ያልደረሰበት መሬት ተረፈ። ሾላው፣ መቃብሩ፣ ሆራው፣ ጥቂት ግጦሽ።

«ትርፍ ወጣ» አሉ አለቃ መዝገቡ፤ አልገረማቸውም።

አስረስ ወደ ባላምባራስ በቅሎ ጠጋ ብሎ ጥቂት አንሾካሾከ። ባላምባራስ ሰሙት፤ ቶሌራን አዩት፤ እጃቸውን አወዛወዙ።

«የአስተርጓሚው ይሁን። ረግረግ ገብቶ ያገለገለን እሱ ነው። በስሙ ይጻፍ።»

ቶሌራ አስረስን ወደ ጎን ስቦ ያዘው። «ምን ማድረግህ ነው? እኔ መሬት አልጠየቅሁም!»

«ከማዶው ጥግም የተረፈ አለ፤ እሱን እኔና አለቃ እንካፈለዋለን። አንተ እጅህ ባዶ ከሆነ አፍህ ይከፈታል። እንዲህ ሲሆን ሁላችንም እንተኛለን።»

«ታውቅ ነበር» አለ ቶሌራ።

«እጄ ያውቃል እንጂ! ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ፣ ሲሰክርና ሲጠማ አላውቅም?» አስረስ ቀላዱን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። በድምፁ ክፋት አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ስማ ወንድሜ። እኔ አንድም ቀን ቀላድ አርጥቤ አላውቅም፤ ነፍሴን እፈራለሁ። ግን በየሄድኩበት አገር አንድ ብልህ አይጠፋም። እሱ ያረጥብልኛል። ከዚያ ፀሐይ ታደርቅልኛለች። እኔ መጣል ብቻ ነው።»

«አምስተኛው ወታደር እንዳይመጣብን ነበር እኮ...»

«መጣ እንጂ። ይኸው ከፊቴ ቆሟል። ጠመንጃው ብቻ ነው የጎደለው።»

«አልወስድም።»

«ተወው። ለአንዱ ወታደር ይጨመራል። መቃብሩን ቢያርሰውም ደንብ አይከለክለውም።»

ቶሌራ ወረቀቱን ወሰደ።

ዝም ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ ቀላዱ በደረቁ ተጥሎ፣ ሰባት ተብሎ፣ አምስት ወታደር መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የበንቲ ሲሶ ከሆራው ማዶ ይደርስ ነበር። ይህን ሒሳብ እዚያው ቆሞ ሠራው፤ አልተሳሳተም።

ለኪዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲወርዱ፣ በንቲን ከችካሉ አጠገብ አገኘው። ሶሬቲ ከአባቷ ጎን ቆማለች፤ ነግራዋለች። ሽማግሌው የጣቱን ቀለም በሳር እየፈተገ ነበር። አልለቅ ብሎታል።

«አባቴ» አለ ቶሌራ ተንበርክኮ። «መሬቱ የእርስዎ ነው። በኔ ስም ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። እኔ ባልወስደው ወታደር ይወስደው ነበር። ምንም አይለወጥም፤ ከብትዎ እንደ ድሮው ይጠጣል።»

በንቲ ሳሩን ጣለ።

«ወረቀቱ ምን እንደሚል እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው። አፌ ብዬህ ነበር። አሁን አፍ የለኝም።»

«ያደረግሁት ለናንተ ብዬ ነው! ለሷ ብዬ ነው! ልጃችን እዚያ...»

«ልጄን አትጥራ» አለች ሶሬቲ።

የከብት ማጠጫ ሰዓት ነበር። መንጋው ከላይ ከግጦሹ እየወረደ ነው፤ አቧራው ከፊቱ ይመጣል። የሚመራው ዳለቻዋ ላም ናት፤ እርጅና ወገቧን አስጎንብሶታል። በንቲ ፊት ፊቷን ቀድሞ ከችካሉ ላይ ቆመ፤ እጁን ዘረጋ፤ መንጋውን ወደ ግራ መለሰው። በግራ በኩል ያለው መንገድ ወደ ትልቁ ወንዝ ነው፤ ሩቅ ነው፤ ለጥጃ ደግሞ ገደል አለበት።

«አባቴ! ተዉ እባክዎ፤ ውሃው እኮ እዚሁ ነው!» ሲል ቶሌራ ጮኸ።

በንቲ እያፏጨ መንጋውን ነዳ። ሶሬቲ ገምቦዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ የሆራውን ቁልቁለት ትታ ከአባቷ ኋላ ተከተለች።

ዳለቻዋ ግን ጨዋማው ውሃ ሸቷታል። አንገቷን አስግጋ ቆመች። ከመስመሩ ወጥታ፣ ችካሉን አልፋ፣ በለመደችው መንገድ ወደ ሾላው ወረደች። የችካልን ነገር ማንም አልነገራትም።

በንቲ ዕድሜውን ሙሉ ከብት መትቶ አያውቅም፤ በፉጨት ነበር የሚነዳ። ዞረ። ከመንገዱ ዳር ደረቅ የጽድ ቅርንጫፍ አነሳ። ወሰኑን ላለማለፍ ከችካሉ ላይ እግሩን ገትሮ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ እጁ እስከደረሰበት ድረስ ተዘርግቶ መታት። ዞራ አየችው። እንደገና መታት። ሦስተኛውን ሲመታት ቅርንጫፉ ተሰበረ፤ ላሟም ጮኻ ተመለሰች።

ቶሌራ ከሾላው ሥር ቆሞ፣ መሬቱ ላይ ቆሞ፣ መንጋው በሙሉ በሩቁ መንገድ እስኪጠፋ አየ። ሆራው ከኋላው ይንፎለፎላል። ያን ቀን ከሱ የጠጣ አልነበረም።